ቅዳሜ ይመጣል

በዘጠኝ ዓመቴ፣ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በፊት የሞተ ልጃቸው ቅዳሜ ጠዋት እንደሚመጣ ለአንዲት አሮጊት ነገርኳቸው። ቀልድ አልነበረም፤ ውሸትም አልነበረም። ያየሁትን አይቼ፣ የሰማሁትን ሰምቼ፣ ሁሉንም ደምሬ የደረስኩበት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ እርግጠኛ የሆነ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል፤ በተለይ ካርታ ፊት ቆሞ እርግጠኛ የሆነ ሰው።

የ2005 ሰመር ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። አባቴ ጀርመንታውን ከተማ ሌላ ትዳር ይዞ ስለነበር ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው አፓርትመንታችን የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ እናቴ ወደ ሥራዋ ይዛኝ መሄድ ጀመረች። እናቴ እንግዳወርቅ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንዲት አሮጊት በቤታቸው ትንከባከብ ነበር። የሚያሠራት ኤጀንሲ ልጅ ይዞ መምጣትን አጥብቆ ይከለክላል።

"ሰው ካንኳኳ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ትቀመጫለሽ" ትለኝ ነበር ባቡር ውስጥ። "አትናገሪም፣ አትስይም።"

አሮጊቷ ሚስ ዶሪስ ይባላሉ። ሰባ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር አሜሪካዊት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ትምህርት ቤት ውስጥ ለተማሪዎች ምግብ ሲያበስሉ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ስትሮክ ከመታቸው በኋላ ግራ እጃቸው አይታዘዝም፤ አፋቸው ግን ደህና አድርጎ ይታዘዝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ተኮራምቼ ሲያገኙኝ፣ "በዚህ ቤት ማንም ሰው ሽንት ቤት ውስጥ አይደበቅም። ነይ ውጪ" አሉኝ። ነገሩ በዚያው አለቀ።

ቤታቸው ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጠባብ የጡብ ቤት ነበር። የፊት በሩ ቁልፍ አርጅቷል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ከትታ፣ በሩን ወደ ራሷ ስባ፣ በጉልበቷ መትታ፣ በትከሻዋ ገፍታ ነበር የምትከፍተው።

"ሚስ ዶሪስ፣ ይሄ ነገር ይቀየር" ትላቸው ነበር። "አንድ ቀን እሳት ቢነሳስ?"

"ይቃጠላ።"

"እኔስ?"

"አንቺ በመስኮት ትዘያለሽ። ወጣት ነሽ።"

ለእኔ ግን ምክንያቱን ነገሩኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ፎቶ ነበር፤ ጆሮው ወጣ ወጣ ያለ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ፣ ሳቁን አፍኖ የያዘ ልጅ። ልጃቸው ሬይመንድ ነው።

"ሲሄድ ቁልፉን ይዞት ነው የሄደው" አሉኝ። "ሲመለስ በሩ እምቢ እንዲለው አልፈልግም።"

የስልክ ቁጥራቸውንም እንደዚሁ አልቀየሩም። ሬይመንድ በቃሉ የሚያውቀው ያንን ቁጥር ብቻ ነበር።

"የት ነው የሄደው?" አልኳቸው።

"ቬትናም።"

ቬትናምን አውቀው ነበር። በሰፈራችን ጥፍር የሚሠሩት ሴቶች አገር ነው። ከእነሱ አንዷ ከረሜላ ትሰጠኝ ነበር። "መቼ ነው የሚመጣው?" ስላቸው ፎቶውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉና፣ "መስከረም ላይ ሃምሳ ሰባት ዓመት ይሞላዋል" አሉኝ። የጠየቅኩት ይህን አልነበረም።

እኔ ስለ ጠፋ ሰው የማውቀው ነገር አልነበረም። በእኛ ቤት የጠፋ ሰው የለም፤ ፕሮሰሱ ያላለቀለት ሰው ነው ያለው። የእናቴ የአክስት ልጅ ጋሽ በፈቃዱ ሰባት ዓመት ሲጠበቅ ኖሮ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ደለስ ኤርፖርት፣ በራሱ ከሚከፈተው በር ውስጥ ጋሪ እየገፋ ብቅ አለ። የማውቃቸው ትልልቅ ሰዎች በሙሉ የወጡት ከዚያ በር ነው። ሰው ሩቅ አገር ይኖራል፣ ወረቀቱ ይዘገያል፣ እናቶች ያለቅሳሉ፣ አንድ ቀን ይመጣል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ትንሽ ረዘም ይላል፤ ግን ኢሚግሬሽን ሰው እንደሚያንገላታ ቤታችን ውስጥ ያልተናገረ አልነበረም።

ዛሬ የማውቀው ሌላ ነው። ሬይመንድ ሄሊኮፕተር በር ላይ መትረየስ ይዞ የሚቀመጥ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር። በማርች 1969 ከላኦስ ድንበር አጠገብ ሄሊኮፕተሩ ተመትቶ ጫካ ውስጥ ወደቀ። ኮሙኒዝም ከአገር ወደ አገር እንዳይዛመት በዚያ መቆም አለበት ያሉት የጦሩ ባለሥልጣናት፣ ከሚስ ዶሪስ ቤት በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ርቀት ላይ የሚያምር ቢሮ ነበራቸው። ልጁን የላኩት ግን ውቅያኖስ አሻግረው ነው። አስከሬኑ ስላልተገኘ "የጠፋ" ብለው መዘገቡት። ለእናት ከዚህ የከፋ ቃል አላውቅም። ሞተ ቢሏት ትቀብራለች፤ ተማረከ ቢሏት ትጸልያለች። ጠፋ ያሏት እናት ቁልፍ አትቀይርም።

ረቡዕ ዕለት ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሚስ ዶሪስ ፎቅ ላይ ጋደም ብለዋል። እኔ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ሥር ሥዕል እየቀባሁ ነበር። እናቴ አነሳችው። የሚስ ዶሪስ ልጅ ሎሬታ ናት፣ ከአትላንታ። እናቴ ትንሽ አዳመጠችና ወንበር ስባ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ መለመን ጀመረች።

"ኖ፣ ሎሬታ። በስልክ አይሆንም። እባክሽ፤ እናት ናቸው። ... አውቃለሁ። አንቺ ስትመጪ፣ ቅዳሜ። ኦፊሰሩም ቅዳሜ ይምጣ። ... እስከዚያ ምንም አይሰሙም። እኔ አለሁ። እኔን ተይኝ።"

ስልኩን ዘግታ ፊቷን በውኃ ታጠበች። ወዲያው ጋሽ ተሻገር ጋ ደወለች። ጋሽ ተሻገር አሌክሳንድሪያ ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የእድራችን ዳኛም እሳቸው ነበሩ።

"ጋሽ ተሻገር፣ ለቅዳሜ ወንበር ፈልጌ ነበር። አሥራ አምስት ይበቃል። ... ኧረ እዚሁ አሮጊቷ ቤት። ... በማለዳ ነው፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይበተን። ... አይ፣ እሳቸው አያውቁም። ማንም እንዳይነግራቸው።"

ከዚያ ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛው ሥር አየችኝ።

"ሀሴት፣ የሰማሽው ነገር አለ?"

"የለም።"

"ለሚስ ዶሪስ ምንም እንዳትነግሪያቸው። ቅዳሜ ራሳቸው ያውቃሉ።"

ሌላ ምንም አልነገረችኝም። ለልጅ ስለ ሞት አይነገርም፤ ይህ አንዱ ደንባችን ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይህ ሌላው። ሰው ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ ባለሐዘኑ አፉ ላይ እህል ጣል ካደረገ በኋላ ነው የሚነገረው። ሁለቱም ደንቦች ከደግነት የመጡ ናቸው ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን በሁለቱ ደግነቶች መካከል የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ፣ ስለ ደግነት የራሴ አስተያየት አለኝ።

ሐሙስ ዕለት እናቴ ቤቱን ገለባበጠችው። መጋረጃ አጠበች፣ የደረጃውን ምንጣፍ አውጥታ አራገፈች። የቴሌቪዥኑን ገመድ ነቅላ "ተበላሽቷል" አለች። ጋዜጣው ሲመጣ ቆሻሻ ውስጥ ከተተችው፤ ስልክ ሲጮህ እየሮጠች ታነሳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሚስ ዶሪስ ሲተኙ ጋሽ ተሻገር ቫናቸውን በጓሮ በኩል አቆሙ። የእናቴ ጓደኛ እትዬ ሸዋዓለም አብረዋቸው ነበሩ፤ ሆቴል ውስጥ ክፍል የሚያጸዱ፣ ሳቂታ ሴት። ወንበሮቹን እያወረዱ በሹክሹክታ ይነታረኩ ነበር።

"ለመሆኑ ለፈረንጅ ምን ይባላል?" አሉ እትዬ ሸዋዓለም።

"ፈረንጅ አይደሉም፣ ጥቁር ናቸው" አሉ ጋሽ ተሻገር።

"ያው ፈረንጅ ናቸው። ምን ይባላል?"

"ሶሪ ይባላል።"

"ሶሪማ እግሬን የረገጠኝም ይላል። ዛሬ ባስ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተብያለሁ።"

"እንግዲያው ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ዝምታ ትርጉም አያሻውም።"

"እኔ ዝም ልል?"

እናቴ እንኳ ፈገግ አለች።

ወንበሮቹ ነጭ፣ የሚታጠፉ፣ ጀርባቸው ላይ በሰማያዊ ቀለም የእድሩ ስም የተጻፈባቸው ናቸው። አይቻቸው አውቃለሁ። ጋሽ በፈቃዱ የመጣ ቀን ቤታችን የተደረደሩት እነሱ ነበሩ። ያን ጊዜም መጋረጃ ታጥቧል፣ ምንጣፍ ተራግፏል፣ ጋሽ ተሻገር ቀድመው መጥተዋል። የሚስጥሩም ነገር አልከበደኝም፤ ቤዛዊት የምትባል የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ልደት ላይ ልናስደንቃት ሁላችንም ከሶፋ ጀርባ ተደብቀን ነበር። ሁሉም ነገር ገጠመ። የእድር ወንበር በመጀመሪያ ለምን ተብሎ እንደሚገዛ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ዓርብ ረፋዱ ላይ ከሚስ ዶሪስ ጋር የጓሮው ደረጃ ላይ ተቀምጠን ፎሶሊያ እንቀነጥስ ነበር። እኔ እይዛለሁ፣ እሳቸው በደህናው እጃቸው ይሰብራሉ። እናቴ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያው ጋ ናት። ሙቀቱ ከጡቡ ላይ ይነሳል።

"እናትሽ ምን ሆናለች?" አሉኝ።

"ምንም።"

"ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኔን አላየችኝም። ሎሬታ ደግሞ ድንገት እመጣለሁ ትላለች። የምትመጣው ለገና ብቻ ነው።" አንድ ፎሶሊያ ሰበሩ። "ምድር ቤት የተደረደሩትን ወንበሮች አይቻለሁ። የቤት ዕቃ ለመሸጥ ነው አይደል? ቤቴን ሊሸጡት ነው። ነርሲንግ ሆም ሊከቱኝ ነው።"

"አይደለም።"

"ንገሪኝ፣ ልጄ። አልቆጣም። እኔ ከዚህ ቤት ከወጣሁ..." አልጨረሱትም። ወደ ፊት በሩ አቅጣጫ አዩ። በመካከላችን ሁለት ክፍል ነበር፤ እሳቸው ግን በሩን ያዩት ነበር።

ትልቅ ሰው ሲፈራ ያን ጊዜ ነው በመጀመሪያ ያየሁት። ሊፈሩት የማይገባ ነገር መሆኑን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩ። አፌን ይዤ ልቆይ እንዴት እችላለሁ?

"ደስ የሚል ነገር ነው" አልኳቸው። "ሬይመንድ ቅዳሜ ይመጣል።"

በእጃቸው ያለው ፎሶሊያ ወደቀ። አላነሱትም።

"ማን አለሽ?"

"ወንበር መጥቷል" አልኩ፤ ለእኔ ይህ በቂ ማስረጃ ነበር። "እማዬም ከሎሬታ ጋር በስልክ ስታወራ ሰምቻለሁ። ነገ ጠዋት ይመጣል። ኦፊሰርም አብሮ ይመጣል።"

"ኦፊሰር" አሉ።

"አዎ።"

ፊታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ያን ጊዜ ደስታ ያደነዘዛቸው መስሎኝ ነበር። ጎረቤት ያለው ውሻ ጮኸ፣ ዝም አለ፣ እንደገና ጮኸ። ከዚያ ሚስ ዶሪስ ጎንበስ ብለው የወደቀውን ፎሶሊያ አነሱና ሰበሩት።

"ስንት ሰዓት?" አሉኝ።

"በጠዋት።"

"እንግዲያው ጸጉሬን መሠራት አለብኝ።" ትንሽ ቆይተው ጨመሩ፦ "ለእናትሽ እንደነገርሽኝ አትንገሪያት። ሰርፕራይዛቸውን አናበላሽባቸው።"

ያን ሌሊት እኔና እናቴ እዚያው አደርን። ማለዳ ስንነሳ የፊት በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያንን በር፣ እናቴ በጉልበትና በትከሻ የምትታገለውን በር፣ ሚስ ዶሪስ በአንድ እጃቸው ከፍተው፣ እንዳይዘጋ ወንበር አስደግፈውታል። እሳቸው ሌላ ወንበር ላይ ፊት ለፊቱ ተቀምጠዋል። የቤተ ክርስቲያን ቢጫ ልብሳቸውን ለብሰዋል። የከንፈር ቀለሙ ወደ አንድ ጎን አልፎ ጉንጫቸውን ነክቷል። ጉልበታቸው ላይ የሬይመንድ ፎቶ አለ።

እናቴ ደረጃው ላይ ደርቃ ቀረች። "ሚስ ዶሪስ፣ ምን ሆኑብኝ?"

"ልቤ ነገረኝ" አሉ። "ዛሬ ሰው ይመጣል አለኝ።"

ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ፤ ምንም ሳይል አለፈኝ።

እናቴ ገንፎ ሠራችላቸው። "አልራበኝም" ሲሉ ተንበርክካ በማንኪያ አጎረሰቻቸው። ደም ግፊታቸውን ለካች፣ ክኒናቸውን ሰጠች። ሳይበሉ መርዶ አይነገርም። ጋሽ ተሻገር ክራቫት አስረው መጡ፤ እትዬ ሸዋዓለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ ሌሎች አምስት የእድር ሰዎችም ከፓርኪንግና ከሆቴል ፈረቃቸው አስፈቅደው መጡ። ሚስ ዶሪስን አንድ በአንድ ጨብጠው ነጩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የተዘቀዘቀ ነጠላ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ እኔ የምጠብቀው ጋሪ የሚገፋ፣ ጆሮው ወጣ ያለ ሰው ነው።

"እነዚህ ሁሉ ሰዎች ቅዳሜ ሥራ የላቸውም?" አሉ ሚስ ዶሪስ ለእናቴ።

"ለእርስዎ ነው የመጡት።"

"ለእኔ" አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጥቁር መኪና መጥቶ ቆመ። ኦፊሰሩ የወታደር ልብሱን ለብሶ፣ ኮፍያውን በብብቱ ይዞ ወረደ። ከኋላ ሎሬታ ወረደች፤ ከኤርፖርት አንስቷት ነው የመጣው፤ ዓይኗ አብጧል። ሚስ ዶሪስ ተነሱ። ማንም ሳይደግፋቸው በሩ ድረስ ሄደው መቃኑን ያዙ። ኦፊሰሩ ደረጃውን ወጥቶ ፊታቸው ቆመ። እሳቸው ግን አላዩትም። በትከሻው ላይ አሻግረው መኪናውን ያዩ ነበር። እኔም በክንዳቸው ሥር ሾልኬ መኪናውን አየሁ። የኋላው በር ክፍት ነበር። የሚወጣ ካለ ብለን ጠበቅን፤ አንዲት አሮጊትና አንዲት ሕፃን። ሎሬታ ተመልሳ በሩን ዘጋችው።

"ብቻህን ነው የመጣኸው?" አሉት።

"አዎ፣ ማም።"

"እሺ። ግባ።"

የተገኘው አንድ ጥርስና እርሳስ የሚያክል አጥንት ነበር። ኦፊሰሩ ወፍራም ሰነድ ይዟል። ካርታ አለበት፣ የመሬት ቁፋሮ ፎቶ አለበት፣ ከዓመታት በፊት ከሚስ ዶሪስ አፍ በጥጥ የተወሰደው የዲኤንኤ ናሙና ውጤት አለበት። ገጽ በገጽ እየገለጠ በትሕትና አስረዳቸው። ሚስ ዶሪስ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

"የት እንደሆነ አሳየኸኝ" አሉት። "እንዴት እንደሆነ አሳየኸኝ። ለምን የሚለው ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?"

ሰውዬው ወጣት ነበር፤ ጦርነቱ ሲያልቅ አልተወለደም። ቀና ብሎ አያቸው፣ መልሶ ሰነዱን አየ። ያንን ገጽ ማንም አልጻፈውም። እኔ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ፈልጌዋለሁ። ጦርነቱን ያዘዙት ሰዎች ትዝታ ተብሎ የታተመውን ሁሉ አንብቤያለሁ። "ተሳስተን ነበር" የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፤ በሰባ ዓመታቸው፣ የልጅ ልጅ አቅፈው የጻፉት። ለምን ግን የለም።

ዝምታውን የሰበሩት እትዬ ሸዋዓለም ናቸው። ዝም ማለት እንደማይችሉ አስቀድመው ተናግረዋል። ደረታቸውን መትተው ጮኹ፤ አይተውት ለማያውቁት የአሌክሳንድሪያ ልጅ። ሎሬታ ደነገጠች፣ ኦፊሰሩ ከወንበሩ ብድግ አለ። ያን ጊዜ እናቴ መሬት ላይ ወደቀች።

"ምናሴ!" አለች። "ምናሴ፣ ወንድም ዓለሜ! አፈሩን የት ልፈልገው?"

ይህን ስም ሰምቼው አላውቅም። እናቴ ወንድም እንደነበራት አላውቅም። መቼ ይነገረኛል? ለልጅ አይነገርም።

ሚስ ዶሪስ እንባ አልነበራቸውም። እናቴን ከላይ ሆነው አዩዋት። "ማን ነው ምናሴ?" አሉ።

ጋሽ ተሻገር በፓርኪንግ እንግሊዝኛቸው መለሱ። "ወንድሟ ነው። የኛ አገር ኮሙኒስቶች ለጦርነት ከመንገድ አፍሰው ወሰዱት። ቀረ። ወረቀት የለም፣ አጥንት የለም፣ የነገረን ሰው የለም።"

"ስንት ዓመቱ ነበር?"

"አሥራ ስምንት።"

ሚስ ዶሪስ ጎንበስ ብለው ደህናውን እጃቸውን የእናቴ ራስ ላይ አደረጉ። "እየሰማሁሽ ነው" አሏት። "ጥሪው። ጥሪው ስሙን።"

እኔ፣ ማንም ሳያንኳኳ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ገንዳው ውስጥ ተቀመጥኩ።

አንዱ ልጅ ኮሙኒዝምን እንዲያቆም ተላከ፣ ሌላው በኮሙኒዝም ስም ታፈሰ። ሬይመንድን የጣለው ጥይትና ምናሴ ትከሻ ላይ የተሰቀለው ጠመንጃ የአንድ ፋብሪካ ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ የሚቆጡብኝ አሉ፤ የእኛው ይለያል ይላሉ፣ በሁለቱም በኩል። ይቆጡ። የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው መንግሥት ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላም ቢሆን አንድ ጥርስ ፈልጎ አመጣ። የእኛው አልፈለገም። እናቴ ያን መርዶ እንደዚያ የተጠበበችበት ለዚህ ነበር። እሷና እናቷ ያልተነገራቸውን፣ ሌላ ሰው እንኳ በወግ እንዲነገረው ነው።

ሬይመንድ በኅዳር አርሊንግተን፣ የወታደሮቹ መካነ መቃብር ተቀበረ። ሳጥኑ የሙሉ ሰው ነበር። ውስጡ አዲስ የወታደር ልብስ ተዘርግቷል፤ ከሥሩ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ መዳፍ የማትሞላ ነገር አለች። ተኩሱ ሲያበቃ ባንዲራው ታጥፎ ሚስ ዶሪስ ጉልበት ላይ ተቀመጠ። ሰው ሲበተን አጠገባቸው ሄድኩ። ያን ሁሉ ወራት ሆዴ ውስጥ የከረመውን አወጣሁት።

"ሚስ ዶሪስ፣ ተሳስቼ ነው። አልዋሸሁም።"

ኮሌታዬን አስተካከሉልኝ።

"ቅዳሜ ይመጣል አልሽኝ" አሉ። "መጣ።"

ያን ጊዜ ይቅርታ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ይቅርታ አይመስለኝም፤ ማጽናኛም አይመስለኝም። የሆነውን ነው የተናገሩት። በቀጣዩ ሰኞ ቁልፍ ሠሪ አስጠሩና የፊት በሩን ቁልፍ አስቀየሩት። እናቴ ከዚያ ወዲህ በሩን በሁለት ጣት ነበር የምትከፍተው፤ በከፈተች ቁጥር ታለቅስ ነበር። ሚስ ዶሪስ በ2011 አረፉ።

እኔ ያደግኩት ያንን ደንብ እየረገምኩ ነው። ሰው የራሱን ሐዘን በሰዓቱ የማወቅ መብት አለው እያልኩ ከእናቴ ጋር ስንት ጊዜ ተጣልቻለሁ። "ሦስት ቀን ዋሽተሻቸዋል፤ ያንን ያስወራኝ ያንቺ ዝምታ ነው" ብያታለሁ፣ አንድ ጊዜ፣ ሰው ፊት።

በ2018 የምናሴን ፎቶ የቀድሞ ወታደሮች በሚገናኙበት የፌስቡክ ገጽ ላይ ለጠፍኩት። በአምስተኛው ወር አንድ ሰው ደወለልኝ። ሎረል ከተማ ካለው ሥራዬ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ። ጋሽ ጸጋዬ ይባላሉ፤ በርክ ነው የሚኖሩት፣ ከእናቴ ቤት የአንድ ሰዓት መንገድ። ከምናሴ ጋር አንድ ማሠልጠኛ ነበሩ።

"ምጽዋ ላይ ነው፣ በኛ አቆጣጠር ሰማንያ ሁለት፣ የካቲት" አሉኝ። "በእጄ ነው አፈር ያለበስኩት። እናቱ ስሙን ጨርቅ ላይ ጠልፋ ሰጥታው ነበር፤ ኪሱ ውስጥ ተውኩለት። እህቱ አለች ነው ያልሽኝ? ቁጥሯን ስጪኝና አሁኑኑ ኮል ላድርግላት። ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቃለች፤ አንድ ቀን አትጨምሪባት።"

የእሳቸው ክርክር የእኔው ክርክር ነበር። በትክክል የእኔው ቃል።

"በስልክ አይሆንም፣ ጋሼ" አልኳቸው።

ጋሽ ተሻገር ሰማንያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጆሯቸው ከብዷል። ሁለት ጊዜ ነገርኳቸው። በሁለተኛው "ስንት ወንበር?" ብለው ጠየቁኝ።

ቅዳሜ ማለዳ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የእናቴ አፓርትመንት በር ላይ ቆምን፤ ጋሽ ተሻገር፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት እትዬ ሸዋዓለም፣ ጋሽ ጸጋዬና እኔ። መኪናዬን በሩ ፊት ለፊት አቁሜያለሁ። እናቴ በሌሊት ልብሷ ሆና ከፈተች። አንድ በአንድ አየችን። የማታውቀው ጋሽ ጸጋዬን ብቻ ነበር፤ እሳቸው ላይ ቆየች።

"ቁርስ በልተሻል፣ እማዬ?" አልኳት።

በትከሻዬ ላይ አሻግራ ከኋላዬ የቆመውን መኪና አየች። እኔም ዞሬ አየሁ።

መኪናው ውስጥ ማንም አልነበረም።